«ሽንኩርት!» ብሎ የሚጮኸው ሰውዬ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገባ። እሱ ቅርጫት ኳስ አይጫወትም፤ ግን የኮሌጁ ቡድን ሲጫወት ደውሎ «እማዬ፣ እያየሽ ነው?» ይለኛል። ስለዚህ አያለሁ። ጨዋታው እየገባኝ መጥቷል። ያልገባኝ የሚያወሩት ሰዎች ነገር ነው። አንዱ ሳይተነፍስ ይናገራል፣ ሌላው ይስቃል። በቀደም ሌላ ጨዋታ ላይ ደግሞ አንዱ «ሽንኩርት!» ብሎ ጮኸ። ድምፁን አጥፍቼ ልይ ወይስ የሚቀርብኝ ነገር አለ? ደግሞስ ሁለት ደቂቃ ቀረው ተብሎ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ለምንድን ነው?
የተማሪው እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ድምፁንስ እንዳያጠፉብኝ። እኔ ቅርጫት ኳስን የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ያለችው አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ናት። አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደጋፊ ነበር። ጨዋታ ባለ ቁጥር አንቴናዋን በሽቦ አስሮ መስኮቱ ላይ ያቆማታል። ኳሱን አላየሁትም። ግን «ግራ ክንፍ»፣ «ጥጉ ላይ»፣ «ቅርጫቱ ሥር» ሲባል እየሰማሁ ሜዳው ቀስ በቀስ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሠራ። አንዳንዱ ደንበኛማ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስንት እንደሚከፍል ሳይሆን ስንት ለስንት እንደሆኑ ነበር የሚጠይቀኝ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሁለቱ ሰዎች ሥራቸው የተለያየ ነው። ሳይተነፍስ የሚናገረው ምን እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ኳሱ ማን እጅ ነው፣ ስንት ሰከንድ ቀረ፣ ማን አገባ። የሚስቀው ተንታኙ ነው፤ እሱ ደግሞ ለምን እንደሆነ ይነግርዎታል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ አሰልጣኝ ወይም ተጫዋች ነው። ቋንቋው ፈጠነብኝ ካሉ የመጀመሪያውን ይተዉት፤ እሱ የሚለውን በዓይንዎ እያዩት ነው። ጆሮዎን ለሁለተኛው ይስጡት።

«ሽንኩርት» ያለው ተንታኙ ቢል ራፍተሪ ሳይሆን አይቀርም። ቃሏ የእሱ ናት። ራፍተሪ እስከ 1981 (እ.ኤ.አ.) የሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሁሉም ሰው እጁ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት፣ አንድ ልጅ ደፍሮ ወርውሮ ሲያገባ «ሽንኩርት!» ይላል። ወኔ ማለቱ ነው። እኛስ ደፋሩን ሐሞተ ኮስታራ እንል የለ? እኛ ድፍረትን ሐሞት ውስጥ አስቀመጥነው፣ እሱ ሽንኩርት ውስጥ። (ሽንኩርቱ የምን ምትክ እንደሆነ ልጅዎን እንዳይጠይቁት። ያፍራል።)

ይኸው ሰውዬ ጨዋታው እንደተጀመረ «ማን ቱ ማን!» እያለ ድምፁን ይጎትተዋል። ቀልድ ይመስላል እንጂ መረጃ ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ አንድ ሰው ይዟል ማለት ነው። «ዞን» ካሉ ግን የሚጠብቁት ሰው ሳይሆን ቦታ ነው። ማን ቱ ማን መሆኑን ከሰሙ፣ ዓይንዎን ከኳሱ ላይ አንስተው አንዱን ተከላካይ ብቻ ይከተሉት። የያዘው ልጅ ወደ ጥግ ሲሮጥ አብሮት ይሮጣል። ድንገት የዚያ ልጅ ቡድን አንድ ግዙፍ ተጫዋች ተከላካዩ መንገድ ላይ እንደ ግንብ ይቆምበታል። ያኔ «ስዊች» ሲባል ይሰማሉ። ተከላካዮቹ ሰው ተቀያየሩ። አጭሩ ተከላካይ ግዙፉ ላይ ቀረ። ጎበዝ ተንታኝ ድምፁ ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ኳሱ ገና ግዙፉ ጋ ሳይደርስ። አሰልጣኝ ስለነበረ የሚመጣውን ቀድሞ ያየዋል። እኔ ከሬዲዮው ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የተንታኙ ድምፅ ሲቀየር ቀና እላለሁ።

ልጅዎ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆነ አንድ ሌላ ቃል ልጨምርልዎ፦ «ዳይፐር ዳንዲ»። ኮሌጅ በገባ በዓመቱ ሜዳውን የሚያተራምስ ልጅ ማለት ነው። ይህችን ያስለመደን ዲክ ቫይታል ነው። ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ላይ ከ1979 ጀምሮ ሲጮህ ኖሯል። እውነቱን ልናገር፣ ስንት ዓመት አማሁት። «ይሄ ሰውዬ አያርፍም እንዴ?» እል ነበር። በኋላ የድምፅ አውታሩን ካንሰር ያዘውና ጠፋ። ጨዋታው ጭር አለብኝ። በፌብሩዋሪ 2025 ሲመለስ ድምፁ ሻክሯል። እኔ ራሴ ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ጨመርኩት።

ደግሞ የሚናገሩትን ብቻ አይስሙ፤ ዝም የሚሉበትንም ይስሙ። በ1992 የዱክና የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ፊላደልፊያ ላይ ተገናኙ። በጭማሪ ሰዓት ኬንታኪ 103 ለ102 ይመራል። የቀረው 2.1 ሰከንድ ነው። የዱኩ ግራንት ሂል ኳሱን ከዚያኛው ጫፍ ወደዚህኛው ወረወረው። የቡድን ጓደኛው ክርስቲያን ሌትነር ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ተቀበለ፣ አንዴ አነጠረ፣ ዞረ፣ ለቀቀው። የሚያስተላልፈው ቨርን ለንድክዊስት ኳሱ ሲገባ «የስ!» አለ። አንዲት ቃል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ስንት ንግግር ያደርግ ነበር! ያንን ኳስ ያቀበለው ግራንት ሂል ዛሬ ራሱ ተንታኝ ነው። የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ከራፍተሪ ጋር ተቀምጦ ያዩታል።

የሁለት ደቂቃዋ ነገር። የሚመራው ቡድን ሰዓቱ እንዲያልቅለት ኳሱን ይይዛል። የተመራው ደግሞ ሰዓቱን ማስቆም አለበት፤ ስለዚህ ሆን ብሎ ፋውል ይሠራል። በወንዶቹ ጨዋታ ተቃራኒው ቡድን በአንድ አጋማሽ 7 ፋውል ከሞላ «አንድና አንድ» የሚባል ነገር ይመጣል። ፋውል የተሠራበት ልጅ የመጀመሪያውን የቅጣት ውርወራ ካላገባ ሁለተኛውን አይወረውርም። ፋውሉ 10 ሲሞላ ግን ሁለት ይሰጠዋል። ቁማሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፦ ማንን ፋውል እንሥራ? ተንታኙ ቅጣት የማይችለውን ልጅ ስም አስቀድሞ ሲጠራ ይሰማሉ። እውነትም ተሯሩጠው እሱን ይይዙታል። ልጁ መስመሩ ላይ ቆሞ ኳሷን ሦስቴ ያነጥራል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ እጁን ቁምጣው ላይ ይጠርጋል። አዳራሹ ሙሉ ይጮህበታል። ይስታል። አሰልጣኙ ታይም አውት ይጠራል። ማስታወቂያ። ግማሽ ሰዓቷ የምትሄደው እንዲህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሆን ጊዜ ከፈለጉ በወንዶቹ ጨዋታ በየአጋማሹ አራት የቴሌቪዥን እረፍት አለ። ሰዓቱ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ወርዶ ጨዋታው መጀመሪያ ሲቆም ይወጣሉ። እኔ ልብስ ማጠቢያውን የማራግፈው ያኔ ነው።

የልጅዎ ኮሌጅ የራሱ የሬዲዮ ስርጭት ካለው አንድ ቀን ይሞክሩት። እነዚህ ገለልተኛ አይደሉም፤ ዳኛ ላይ ሲያኮርፉ ያስቃሉ። ግን ይጠንቀቁ። አንድ ማታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቼ ሬዲዮውን በስልኬ ከፈትኩ። ለካ ስልኩ ከቴሌቪዥኑ ይቀድማል። እኔ ዘልዬ ስጮህ ባለቤቴ «ምን ነካህ? ልጁ ገና አልወረወረም እኮ!» አለችኝ። ሬዲዮው ከቀደመ ጥቂት ሰከንድ አቁመው ይልቀቁት፤ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ የወንዶቹ ጨዋታ ሁለት አጋማሽ ነው፤ የሴቶቹ አራት ሩብ። እኔና ባለቤቴ ተከራከርንበት። ለምን ተለያየ?
ተከራካሪው

መልስ፦ የሴቶቹም ሁለት አጋማሽ ነበር። ከ2015–16 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ አራት ባለ 10 ደቂቃ ሩብ ተለወጠ። ወንዶቹ በ20፣ 20 ደቂቃቸው ቀጠሉ። ድምሩ ያው 40 ነው፤ ስለዚህ ሁለታችሁም አልተሸነፋችሁም። ግን «አንድና አንድ» የሴቶቹ ላይ ቀርቷል፤ በሩቡ ውስጥ ከ5ኛው ፋውል ጀምሮ ቀጥታ ሁለት ውርወራ ነው። የመጨረሻዋ ደቂቃም ያን ያህል አትንዛዛም። የ2024ቱን የአይዋና የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ፍጻሜ ከ18 ሚሊዮን ሰው በላይ አይቶታል፤ የወንዶቹን ፍጻሜ በለጠ ማለት ነው። እዚያ ከነበሩት ተንታኞች አንዷ ሬቤካ ሎቦ ናት፤ በ1995 ከኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር አንድም ሳትሸነፍ ዋንጫ የወሰደችው። አትጮህም። ቀስ ብላ ታስረዳለች። ከላይ የጻፉልኝ እናት ከእሷ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።