«ዐቃቤ ሰዓት» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ኅዳር 26 የአባታችን የኢየሱስ ሞአ ገድል ሲነበብ «ዐቃቤ ሰዓት» ሲባሉ ሰማሁ። ሰዓታት ከመቆም ጋር ይገናኛል? እኔ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ሰባቱን የጸሎት ጊዜ መጠበቅ ስላልቻልኩ ማታ ሁሉንም አንድ ላይ አደርሳለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቃሉ ግእዝ ነው። «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ፣ «ዐቃቢ» ጠባቂ ነው። ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ የመጨረሻው ፊደል ከሳልስ (ከሦስተኛው፣ «ቢ») ወደ ኀምስ (ወደ አምስተኛው፣ «ቤ») ይለወጣል፤ ጸሓፊ «ጸሓፌ ትእዛዝ» እንደሚሆነው ዐቃቢም «ዐቃቤ» ይሆናል። ስለዚህ ዐቃቤ ሰዓት ማለት ሰዓት ጠባቂ ነው። ዳዊት ስትደግሚ «ዕቀበኒ እግዚኦ» የምትዪው፣ አቤቱ ጠብቀኝ፣ ከዚሁ ነው። ዐቃቤ ሕግም፣ ዕቅበተ እምነትም፣ ገንዘብ የምናስቀምጥበት ዕቁብም እንዲሁ። ዳገት የምንለው ዐቀበት ግን ፊደሉ ይምሰል እንጂ ትርጉሙ ሌላ ነውና አታገናኚው።

ማዕርጉ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ ወጥተው ሐይቅ የገቡት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ማዕርጉን የሰጧቸው አፄ ይኩኖ አምላክ እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። በኋላ ሐይቅን የሚመራው ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን የንጉሡ የቅርብ ሰው ነበሩ። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ማዕርጉን «ካቤአታ» ብሎ ጽፎታል፤ ዐቃቤ ሰዓት በጆሮው እንደዚያ ስለተሰማው ነው። ማዕርጉ የገዳምም የቤተ መንግሥትም ስለሆነ ስሙ በሁለት መንገድ ይፈታል፦ አንዱ የጸሎትን ሰዓት የሚያስጠብቅ አባት፣ ሌላው ንጉሡ ማንን መቼ እንደሚያይ የሚወስን። እኔ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ መነኩሴ ቤተ መንግሥት ከመግባቱ በፊት የሚጠብቀው ሰዓት የጸሎት ነውና።

ሌሊት ካህናት የሚቆሙት ሰዓታት ግን የጸሎቱ ሥርዓት ስም እንጂ ማዕርግ አይደለም። ድርሰቱ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው፤ እርሳቸውም የሐይቅ ተማሪ ነበሩና የሰዓታትና የዐቃቤ ሰዓት ዝምድና በገዳሙ በኩል ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ሰባቱ ጊዜ ከመዝሙር 118፥164 «በቀን ሰባት ጊዜ» ከሚለው ነው። ነግህ ከእንቅልፍ ስትነሺ። ሠለስት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት። ቀትር 6 ሰዓት፣ ጌታ የተሰቀለበት። ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት። ሠርክ ወደ 11 ሰዓት፣ ሥጋው ወደ መቃብር የወረደበት። ከዚያ ንዋም ከመኝታ በፊት፣ መንፈቀ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ።

ስልክሽ 9:00 ሲል ሠለስት ነው፤ 12:00 ቀትር፣ 3:00 ተሰዓት። እዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ስልካቸውን በኢትዮጵያ ሰዓት ያቆዩና አንድ ሰዓት ያዛንፋሉ፤ ዱባይ 9:00 ሲሆን አገር ቤት ገና 2 ሰዓት ነው። ባለሽበት አገር ፀሐይ ቁጠሪ።

ሁሉን ወደ ማታ መሰብሰብሽን አልወቅስም፤ ጸሎት ነው። ግን ሰባቱ የተከፋፈሉት ቀኑ ራሱ እንዲቀደስ ነው፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ደግሞ ድካም ይጫናቸውና ግማሹ በእንቅልፍ ያልፋል። ይልቅ ነግህንና ሠርክን አጽኚ። ነግህ ላይ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ። ቀኑ ላይ ሰዓቱ ሲደርስ ዕቃ እያጠብሽ ቢሆንም እጅሽን አድርቀሽ አማትቢ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያትና አንድ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» በልብሽ በዪ፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አሠሪዎችሽ ፊት ማማተብ የሚያስቸግርሽ ከሆነ በልብሽ ብቻ ይሁን። መንፈቀ ሌሊት መነሣትን ግን በራስሽ አትጀምሪ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምትውዪ መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ጠይቂ።