ማይክ ከመያዝህ በፊት እነዚህን ወረቀቶች ተቀበል

ወንድሜ፣ አንድ ክለብ በሜዳው ለሚያደርጋቸው ጨዋታዎች የስታዲየም አስተዋዋቂ እንድትሆን እንደጠራህ ጽፈህ፣ ድምፄን እንዴት ላሠልጥን ብለሃል። የድምፁን ነገር ተወው፤ ድምፅ ባይኖርህ መች ይጠሩህ ነበር! እኔ ዓመታት በሠራሁበት ያየሁትን ልንገርህ።

1. አሰላለፉ እጅህ እንደገባ ወደ እንግዳው ቡድን መሪ ሂድ። የራስህን ልጆች ስም ተኝተህም ታውቀዋለህ። የእንግዶቹን ግን አንድ በአንድ አስጠራውና በሰማኸው ልክ ጻፈው፤ ተጠባባቂዎቹንም ጭምር። አንድ የእንግዳ ቡድን አምበል ከጨዋታ በኋላ ፈልጎኝ መጥቶ፣ ስሜን ሳታበላሽ ስለጠራኸኝ አመሰግናለሁ ብሎ ጨብጦኛል። እስካሁን ደስ ይለኛል።

2. ስትናገር የገዛ ድምፅህ ዘግይቶ ይመለስብሃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 100 ሜትር ርቆ ከተሰቀለ ማጉያ ለመድረስ ሲሶ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ያን እየሰማህ ከቀጠልክ ምላስህ ይተሳሰራል። ጆሮህን በማዳመጫ ሸፍን፤ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ከዚያ ዝም። የባከነ ሰዓት ስትናገርም "ቢያንስ" በል፤ ዋናው ዳኛ ከታየው ደቂቃ በላይ ማጫወት ይችላል፣ መቀነስ ግን አይችልም።

3. እዚህ ላይ አደራ። የድንገተኛ ጊዜ ማስታወቂያዎች ተጽፈው፣ የፀጥታ ኃላፊው ፈርሞባቸው ካልተሰጡህ ማይኩን አትክፈት። የዘረኝነት ስድብ ሲሰማ የሚነበበውም እንደዚሁ፦ መጀመሪያ ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ ማስታወቂያ ይነገራል፣ ካልቆመ ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባሉ፣ አሁንም ካልቆመ ጨዋታው ይቋረጣል። እኔ ይህን ሁሉ ስጠይቅ የክለቡ የማርኬቲንግ ኃላፊ "አንተ የተቀጠርከው ጎል ለማብሰር ነው" ብሎ አንድ እቅፍ የስፖንሰር ወረቀት ሰጠኝ። በሁለተኛው አጋማሽ ከጎሉ ጀርባ ያለው ደጋፊ ወደ አጥሩ ተገፋ። ከክፍሌ ሆኜ አጥሩ ሲጎብጥ ይታየኛል፤ የፀጥታ ሰዎቹ ሬዲዮ ግን እኔ ጋ አይደርስም። የማርኬቲንግ ኃላፊው በዚያ ሰዓት "የስፖንሰሩን አንብብ" ብሎ ላከብኝ! በ1989 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም ላይ 97 ሰው የሞተው በግፊያ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እንዴት የሳሙና ማስታወቂያ ያነባል? ቀድሜ በራሴ ደብተር የጻፍኩትን አወጣሁ፦ "ከጎሉ ጀርባ ያላችሁ ተመልካቾች፣ ከኋላ ያላችሁ አትግፉ፤ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይኛው ረድፍ ተመለሱ።" ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሳልቸኩል ደጋገምኩት። ከላይ ያሉት መመለስ ጀመሩ፣ ከፊት ያሉት ተነፈሱ። ማንም አልተጎዳም።

4. ውል ልልህ ነበር፤ ውሌማ ከዚያው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በማግስቱ "ያልታዘዝከውን አንብበሃል" ተብሎ ክፍያዬ ታገደ። ቢሮ ስመላለስ ሒሳብ ክፍል ያለችው ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ "ስምህ መዝገብ ላይ የለም" አለችኝ። የተስማማነው በቃል ነበርና የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ገንዘቡ እንደዚያው ቀረ።

ስለዚህ ክፍያህን ብቻ ሳይሆን፣ አደጋ ስታይ የማስታወቂያ ንባብ አቋርጠህ የመናገር ሥልጣንህንም ውሉ ላይ አስጽፍ። የፀጥታ ሬዲዮ ክፍልህ ውስጥ እንዲኖርም ጠይቅ። እነዚህን እንቢ ካሉህ ሌላ ክለብ ፈልግ። የእኔን የማስታወቂያ ጽሑፎች ከፈለግህ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ሙሉውን እልክልሃለሁ።