ቁጥሩ ለምን ያንሳል? ስለ ሚቴን ልቀት ጥያቄና መልስ

ለዓመታት መተዳደሪያዬ በነዳጅ ዘይትና በተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻዎች እየተዘዋወርኩ የሚያፈተልክ ጋዝ መፈለግ ነበር። ትከሻዬ ላይ በዓይን የማይታየውን ጋዝ የሚያሳይ ኢንፍራሬድ ካሜራ፣ ብብቴ ሥር የመመዝገቢያ ቅጽ ይዤ ብዙ ጉድጓድ፣ ብዙ ቧንቧና ታንክ ዞሬያለሁ። አሁን ደግሞ ኩባንያዎች የሚያቀርቧቸውን የልቀት ሪፖርቶች እመረምራለሁ። በካሜራው ባየሁትና በሪፖርቱ ላይ በማነበው መካከል ያለው ርቀት እንቅልፍ ስለሚነሳኝ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹ ከጠበቅሁት በላይ በዙ። እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርስዎ ሚቴን ላይ ያተኮሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተፈጥሮ ጋዝ የምንለው ራሱ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል ወደ አየር የሚወጣው ጋዝ የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነው። ሚቴን በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲሰላ፣ እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ያፍናል፤ በ100 ዓመት ሲሰላ ደግሞ 30 እጥፍ ገደማ። በከባቢ አየር ውስጥ ያለው መጠን ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው ከ2.5 እጥፍ በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ዓለም ከሞቀችው ሙቀት 30 በመቶ ያህሉ የእርሱ ድርሻ ነው።

አንድ መልካም ነገር አለው፤ ዕድሜው አጭር ነው። አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ የዘጋነው ቀዳዳ ውጤቱን እኛው በሕይወት እያለን እናየዋለን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ዕድል አይሰጠንም።

ጥያቄ፦ ልቀቱ አንሶ ሪፖርት ይደረጋል ሲባል እሰማለሁ። ማስረጃው ምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙ ነው። እኔ ሦስቱን ልጥቀስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ የአሜሪካ የነዳጅ ዘይትና ጋዝ ዘርፍ በ2015 የለቀቀው ሚቴን 13 ሚሊዮን ቶን መሆኑን አሳየ። ይህ ከተመረተው ጋዝ 2.3 በመቶ ነው፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይፋ ካደረገው ግምት በ60 በመቶ ይበልጣል። በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ፣ ከኢነርጂ ዘርፍ የሚወጣው ሚቴን መንግሥታት ካስታወቁት በ70 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ ገለጸ። በ2024 የወጣው ሦስተኛው ጥናት በስድስት የአሜሪካ አካባቢዎች አውሮፕላኖች የወሰዱትን አንድ ሚሊዮን ያህል ልኬት ተንትኖ፣ አማካዩን ልቀት ወደ 3 በመቶ አደረሰው። ይህ የመንግሥቱን ግምት ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ከዚህ ሦስተኛ ጥናት እኔን የሚያስገርመኝ ግን አማካዩ አይደለም። አንዱ አካባቢ ከ1 በመቶ በታች ሲለቅ ሌላው ከ9 በመቶ በላይ ይለቃል። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ሥራ! ጋዝ ማምረት የግድ ይህን ያህል ማባከን አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኩባንያዎቹ ይዋሻሉ እያሉን ነው?

መልስ፦ የሚዋሽ አይጠፋም። ዋናው ምክንያት ግን ውሸት አይደለም፤ ነገሩ የሚሰላ እንጂ የሚለካ አለመሆኑ ነው። ሪፖርቱ የሚዘጋጀው እንዲህ ነው፦ በማምረቻው ውስጥ ስንት ቫልቭ፣ ስንት መገጣጠሚያ፣ ስንት ታንክ እንዳለ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ዕቃ «በዓመት ይህን ያህል ያፈስሳል» የሚል አማካይ ቁጥር አለ። ሁለቱ ይባዛሉ፤ ድምሩ ሪፖርት ይሆናል። ከእነዚህ አማካዮች ብዙዎቹ የተወሰዱት በ1990ዎቹ ከተደረጉ ጥናቶች ነው። ማንም ሰው ወደ ቫልቩ ቀርቦ ሳያይ ዓመቱ ይዘጋል።

ችግሩ ጋዝ በአማካይ አለማፈትለኩ ነው። ከሚያፈስሱት ቦታዎች አምስት በመቶ የሚሆኑት ከጠቅላላው ልቀት ከግማሽ በላይ እንደሚያወጡ በተደጋጋሚ ተለክቷል። መቶ መገጣጠሚያ ደህና ሆኖ አንድ ክዳን ክፍት ቢቀር፣ ያ አንድ ክዳን የሁሉንም ሥራ ያበላሻል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠነከረችም። ስድስት ታንኮች ተሰልፈዋል። በዓይኔ ሳያቸው ንጹሕ ናቸው፤ ሽታ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ቀለማቸውም ያብረቀርቃል። ካሜራውን አነሳሁ። ከአራተኛው ታንክ አናት ላይ ጥቁር ጭስ የሚመስል ነገር እየተግተለተለ ወጥቶ፣ በነፋሱ እየታጠፈ በአጥሩ ላይ አልፎ ይሄዳል። ካሜራውን ዝቅ አደረግሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እንደገና አነሳሁ፤ ጭሱ አለ። መሰላሉን ወጥተን ስናይ የታንኩ ክዳን አልተገጠመም። የዘይቱን መጠን ለመለካት የከፈተው ሠራተኛ ሳይዘጋው ወርዷል። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለመዝጋት የፈጀብን አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። የታንክ ብዛት የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ክፍት ክዳን የሚጻፍበት የለም። በህዳጉ ላይ በእጄ ጻፍኩት። በዓመቱ መጨረሻ የወጣው የዚያ ማምረቻ ሪፖርት ከቀደመው ዓመት ጋር አንድ ዓይነት ነበር፦ ስድስት ታንክ ሲባዛ በአማካይ። ማንም አልዋሸም። ያ ጥቁር ጭስ ግን የትም አልተመዘገበም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ልቀት በብልሽት የሚመጣ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በብዙ ቦታ ኤሌክትሪክ ስለማይደርስ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው የጋዙ ግፊት ራሱ ነው፤ መሣሪያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጥቂት ጋዝ ወደ አየር ይተነፍሳል። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነው። ቧንቧ ሲጠገን በውስጡ ያለውን ጋዝ ወደ ውጭ መልቀቅም የተለመደ ነው። በኤሌክትሪክ ወይም በታመቀ አየር የሚሠራ መሣሪያ መተካት ይቻላል፤ ብዙዎችም ተክተዋል።

ጥያቄ፦ በማምረቻ መስክ ትርፍ ጋዝ ሲቃጠል ከማማ ላይ የሚነደውን እሳት አይቻለሁ። ጋዙ ከተቃጠለ ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም?

መልስ፦ በትክክል ከተቃጠለ ሚቴኑ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ጉዳቱ ይቀንሳል። በስሌት ላይ የማቃጠያ ማማ 98 በመቶውን ያቃጥላል ተብሎ ይወሰዳል። በ2022 የወጣ ጥናት በቴክሳስና በሰሜን ዳኮታ አካባቢ በሚገኙ ሦስት ትልልቅ የነዳጅ መስኮች ላይ በአውሮፕላን ሲለካ ግን በተግባር የሚጠፋው 91 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አየር ላይ የሚቀረውን ተመልከቱ፦ 2 በመቶ የተባለው 9 በመቶ ሆነ፤ አራት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ነፋስ እሳቱን ያወዛውዘዋል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ጠፍቶ ይቆማል። እሳቱ የጠፋ ማማ ጋዙን እንዳለ ወደ ሰማይ የሚለቅ ቧንቧ ነው። በቀን ብርሃን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ደግሞ ከሚሠራው አይለይም።

ጥያቄ፦ አሁን ሳተላይት አለ፤ ከእንግዲህ ማን ይደብቃል?

መልስ፦ ተስፋዎን እጋራለሁ፤ ግን ሳተላይት ሁሉን የሚያይ አይደለም። በ2017 የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ዓለምን በየቀኑ ትቃኛለች፤ ሆኖም ትንሿ የምትለየው ቦታ 5.5 በ7 ኪሎ ሜትር ስለሆነች ጉድጓዱን ለይታ አትጠቁምም። የካናዳው ጂኤችጂሳት ኩባንያ ሳተላይቶች እስከ 25 ሜትር ድረስ ለይተው ያያሉ፤ ነገር ግን የሚያዩት የተነገራቸውን ቦታ ብቻ ነው። ደመና፣ በረዶና ባሕር ሁሉንም ያስቸግራሉ። የሁለቱን ጥቅም ያጣምራል የተባለው ሚቴንሳት የተሰኘ ሳተላይት በመጋቢት 2024 መጥቆ በሰኔ 2025 ግንኙነቱ ተቋረጠ። ያን ዜና የሰማሁ ቀን በጣም አዝኛለሁ።

ሆኖም ያገኟቸውን ተመልከቱ። በሰኔ 2023 በካዛክስታን የማንጊስታው ክልል አንድ የፍለጋ ጉድጓድ ፈንድቶ እሳት ተነሳ። የተዘጋው ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ባለቤቱ ኩባንያ ብዙ ሚቴን አልወጣም ብሎ ነበር። ተመራማሪዎች ከሳተላይት መረጃ ያሰሉት መጠን 127,000 ቶን ገደማ ነው። ሳተላይት ባይኖር ኖሮ የኩባንያው ቃል የመጨረሻው ቃል ሆኖ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ ጋዝ ይሸታል አይደል? ሰው በአፍንጫው አያውቅም?

መልስ፦ ሚቴን ሽታ የለውም። ቤት የሚደርሰው ጋዝ የሚሸተው ለጥንቃቄ ተብሎ መጥፎ ሽታ ያለው ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው። በጥቅምት 2015 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ የሚገኘው የአሊሶ ካንየን የጋዝ ማከማቻ ጉድጓድ ቧንቧው ተቀዶ ጋዝ ሲያፈስስ ነዋሪዎቹ የደረሱበት በዚያ ሽታ ነው፤ ራስ ምታትና የአፍንጫ መድማት ይዟቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። እስኪዘጋ 112 ቀን ፈጀ፤ የወጣው ሚቴን 97,000 ቶን ገደማ ነው። በማምረቻ መስክ ላይ ግን ኬሚካሉ ገና አልተጨመረም። እዚያ አፍንጫ አይታመንም።

ጥያቄ፦ ከብቶች የሚያወጡት አይበልጥም? ኢንዱስትሪው ላይ ብቻ መጮህ ተገቢ አይመስለኝም።

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሰው ከሚያስከትለው የሚቴን ልቀት ግብርናው 40 በመቶ፣ የነዳጅ ማዕድናት 35 በመቶ፣ ቆሻሻ 20 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ነገር ግን የላም ሆድ በመፍቻ አይጠበቅም፤ የቧንቧ መገጣጠሚያ ይጠበቃል። ከነዳጅ ዘይትና ጋዝ የሚወጣውን ሚቴን ሦስት አራተኛ ያህሉን አሁን ባለው መሣሪያ ማስቀረት እንደሚቻል የኢነርጂ ኤጀንሲው ይገልጻል። አምራች አገሮች ሁሉ የኖርዌይን ያህል ቢጠነቀቁ ደግሞ ልቀቱ ከ90 በመቶ በላይ ይቀንስ ነበር። ኖርዌይ የተለየ ፊዚክስ የላትም።

ጥያቄ፦ ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ይሻላል የሚባለውስ?

መልስ፦ ሲቃጠል ይሻላል፤ ለአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መጠን የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህል ነው። ይሁን እንጂ በ2012 የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው ከጉድጓዱ እስከ ኃይል ማመንጫው ከ3.2 በመቶ በላይ ከባከነ፣ ያ ብልጫ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አይገኝም። ከላይ የጠቀስኩትን፣ ከ9 በመቶ በላይ የሚለቀውን የአሜሪካ አካባቢ ያስታውሱ። «ንጹሕ ነዳጅ» የሚለው ስም የሚጸናው በተለካ ቁጥር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሚባክነው ገንዘብ ከሆነ ለምን ራሳቸው አይዘጉትም?

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ሥራውን ስይዝ ይህን ነበር የምጠይቀው። በብዙ መስክ የሚፈለገው ዘይቱ ነው፤ ጋዙ አብሮ የሚወጣ ተከታይ ነው፣ የሚወስደው ቧንቧም አልተዘረጋም። ሌላ ቦታ ደግሞ በቧንቧው የሚያስተላልፈው ኩባንያ የጋዙ ባለቤት አይደለም፤ ቢባክን ኪሳራው የሌላ ሰው ነው። ከዚያ ላይ አንድ ኩባንያ ራሱ የማያስተዳድረውን፣ ድርሻ ብቻ ያለውን መስክ ልቀት ከሪፖርቱ ሊተው ይችላል። ትርፉን ይካፈላል፤ ጭሱን አይካፈልም። ይህ በግልጽ ነውር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሕግ የለም?

መልስ፦ እየመጣ ነው፤ አካሄዱ ግን አዝጋሚ ነው። በ2021 ግላስጎው ላይ ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ የሚቴን ቃል ኪዳን ልቀቱን እስከ 2030 ከ2020 መጠን በ30 በመቶ ለመቀነስ ነው፤ ከ150 በላይ አገሮች ገብተውበታል። ቃል ኪዳን እንጂ ግዴታ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ደንብ ጠንከር ያለ ነው፤ መለካትን ያስገድዳል፣ ከውጭ የሚገባውን ጋዝም ይመለከታል።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በሳተላይት ትልቅ ልቀት ሲያይ ለመንግሥታትና ለኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ይልካል። በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1,200 በላይ ማስጠንቀቂያ ተልኮ ምላሽ የተሰጠው 1 በመቶ ለሚሆነው ብቻ እንደነበር አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 12 በመቶ አድጓል። መሻሻል ነው፣ አልክድም። ቢሆንም ቤትህ እየነደደ ነው ተብሎ ከተላከው መልእክት አብዛኛው ሳይመለስ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ በአንድ የጋዝ ኩባንያ ውስጥ ሪፖርት አዘጋጃለሁ። ቁጥሮቹ ያንሳሉ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ነገር ግን ጀማሪ ነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ የአንቺ ነው። ማንንም ሳትከሺ መጀመር ትችያለሽ። በሪፖርቱ ላይ ካለው ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምሪና «የተለካ» ወይም «የተሰላ» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ የጥገና መዝገቡን ጠይቂ፤ ማማው ጠፍቶ የቆየባቸው ሰዓታት እዚያ አሉ፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሉም። ከጉድጓድ የወጣውን ጋዝ ከተሸጠው፣ ለሥራ ከዋለውና ከተቃጠለው ድምር ጋር አስተያዪ፤ የማይገጥመውን «የመለኪያ ስህተት ነው» ቢሉሽም መጠኑን ጻፊው። ከቻልሽ ካሜራ ከያዘው ባለሙያ ጋር አንድ ቀን መስክ ውጪና ቅጹን ሳይሆን ህዳጉን አንብቢ። እንደ እኔ ያለ ሰው በእስክሪብቶ የጻፈው ነገር ይኖራል፤ ሳጥን አጥቶ የቀረ ነው። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ሳጥን ሥሪለት።