ደም ግፊት አለብኝ፤ ከባሕር ኤሊ ጋር ልዋኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ56 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄና ባሏ ግንቦት ላይ ወደ ካሪቢያን፣ ሴንት ጆን ወደምትባል ደሴት ሊወስዱን ትኬት ቆርጠዋል። እዚያ ሰው መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ከባሕር ኤሊዎች ጋር ይዋኛል። ቪዲዮውን ካየሁ ወዲህ በጣም ቋምጫለሁ። ችግሩ ደም ግፊት አለብኝ። አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (ሽንት የሚያሸናውን የግፊት ኪኒን) እወስዳለሁ። ዋና የተማርኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ገንዳ ውስጥ እንደ ነገሩ እዋኛለሁ፣ ባሕር ግን ገብቼ አላውቅም። ልጄ ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ ገዝታልኛለች። ባለቤቴ ስኳር አለበት፤ እሱ ዳር ላይ እግሩን ከመንከር አያልፍም። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ደግሞ ኤሊዋን ካልነካሁ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ከኤሊ የሚተላለፍ በሽታ አለ? እኔስ ብገባ ችግር ይገጥመኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ግፊትዎ በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነና ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያለከልኩ የሚወጡ ከሆነ፣ ተለማምደው ይግቡ። ኤሊዋ ምንም አታደርግዎትም። እኔን የሚያሳስበኝ ቱቦው፣ ልብዎና ሳንባዎ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው እንዳላስቸግር ብሎ ሕመምን ዋጥ የማድረግ ጠባያችን።

ሰው አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ሲገባ የውኃው ክብደት በእግርና በሆድ ያለውን ደም ወደ ደረት ይገፋዋል። የሚገፋው ደም ከግማሽ ሊትር ሊበልጥ ይችላል። ልብ ድንገት ሥራ ይበዛበታል። ኩላሊትም ትርፍ ፈሳሽ የመጣ መስሎት ሽንት ያበዛል፤ ባሕር የገባ ሰው ሽንቱ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ለዚህ ነው። ጤነኛ ልብ ይህን ሁሉ ይችለዋል። በዚህ ላይ ግን ቱቦው አለ። በቱቦ አየር ለመሳብ ደረት ከወትሮው የበለጠ ይታገላል። ከማዕበል ጋር እየታገሉ መዋኘት ሲጨመርበት፣ በተለይ ዕድሜው በገፋና ግፊት ባለበት ሰው ላይ፣ አንዳንዴ ከሳንባ ደም ሥሮች ፈሳሽ ሾልኮ የአየር ከረጢቶቹን ይሞላል። ሳንባው ውኃ ቋጠረ የምንለው ይህን ነው። ሰውየው የባሕር ውኃ አልጠጣም። ያፈነው የገዛ ሰውነቱ ፈሳሽ ነው።

ይህ የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፤ ላስፈራራዎት አይደለም። ግን በሃዋይ ሰምጠው ከሚሞቱ ጎብኚዎች መካከል በስኖርክል፣ ማለትም በመተንፈሻ ቱቦ፣ ሲዋኙ የሚሞቱት ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ። እዚያው የተደረገ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ ችግር የጀመራቸው ውኃ ስለ ዋጡ አልነበረም። መጀመሪያ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ከዚያ አቅም ከዳቸው። አንዳንዶቹ የነበሩት እግራቸው መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። አይጮሁም፣ እጃቸውን አያወራጩም። በፊቱ ተደፍቶ የተንሳፈፈ ሰው ዓሣ የሚያይ ይመስላል፤ አጠገቡ ያለው ሰው እንኳ አይጠረጥርም።

ስለዚህ ምልክቶቹን ይወቁ። ካደረጉት እንቅስቃሴ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ጭብጥ ማለት፣ ሳል፣ ድንገተኛ ድካም፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚመጣ ፍርሃት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲመጣ «ትንሽ ልታገሥ» አይበሉ። ቱቦውን ከአፍዎ ያውጡ፣ በጀርባዎ ይገልበጡ፣ እጅዎን አንሥተው ልጅዎን ይጥሩ፣ ከውኃው ይውጡ። ዳር ላይ አይጋደሙ፤ ተደግፈው ቀጥ ብለው ይቀመጡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልቀለለዎት፣ ወይም አረፋ ያለው ወይም ሮዝ አክታ ካሳልዎት፣ ጊዜ ሳያጠፉ 911 ይደወል። ሴንት ጆን ላይ ሆስፒታል የለም። በሽተኛ በጀልባ ሴንት ቶማስ ወደምትባለው ጎረቤት ደሴት ይሻገራል። ቶሎ መወሰን የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ማስኩ። ልጅዎ አስባ ነው የገዛችው፤ አይቀየሟት። እኔ ግን ለእርስዎ አልመርጠውም። ተራው ቱቦ አፍ ውስጥ የሚነከስ ነው፤ ችግር ሲመጣ እንትፍ ማለት ይበቃል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው ግን በማሰሪያ የተጠፈረ ነው። በድንጋጤ ውስጥ፣ ያውም እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ እሱን መፍታት ቀላል አይደለም። አሠራሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሰው ይስቡታል። ይመልሱትና መነጽሩና ቱቦው ለየብቻ የሆነውን፣ ቱቦውም ወፍራምና ውስብስብ ያልሆነውን ይግዙ። ዓይንዎ የሚያስቸግር ከሆነ በቁጥርዎ የተሠራ የውኃ መነጽር አለ። ኮንታክት ሌንስ አድርገው ግን አይግቡ።

ከጉዞው በፊት ገንዳ ውስጥ ይለማመዱ፤ እዚያ ሄደው ለመማር አያስቡ። ሰፈርዎ ካለው ገንዳ ወገብ የሚደርሰው ጋ ይቁሙና ፊትዎን ብቻ ነክረው በቱቦ ይተንፍሱ። መጀመሪያ ላይ አንጎል «አፍንጫህ ውኃ ውስጥ ነው፣ አትተንፍስ» ይላል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ተረጋግተው ረጅም ትንፋሽ ማውጣት እስኪችሉ ይደጋግሙት። ይህ ሳይለመድ ባሕር ላይ የመጀመሪያዋ ማዕበል ቱቦው ውስጥ ውኃ ስትጨምር ድንጋጤው ሌላ ነው። ባሕሩ ላይ ደግሞ የሚንሳፈፍ ጃኬት ወይም ቀበቶ ያድርጉ። ዋና የሚችሉትም ያደርጉታል፤ ምንም አያሳፍርም።

መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል ብለው ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን የሚዘሉ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ሽርሽር ላይ ደግሞ ጨው የበዛበት ምግብ ይበላል፤ በዚያ ላይ ኪኒኑ ሲቀር ግፊቱ ይወጣል። ከአውሮፕላን በወረዱበት ቀን አይዋኙ፤ ይረፉ፣ ውኃ ይጠጡ። መለኪያዎን ሻንጣ ውስጥ ይክተቱ። ጠዋት ተለክተው 160 በ100 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ የዚያን ቀን ዋና ይቅር። አልኮል ከዋናው በፊት በፍጹም።

ሴንት ጆን ላይ ኤሊ ለማየት ብዙ ሰው የሚሄደው ማሆ ቤይ ወደሚባለው ባሕር ዳርቻ ነው። ለእርስዎ ዓይነት ሰው የሚመች ነው። ውኃው ገና ከዳሩ ጥልቅ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ጸጥ ያለ ነው። ከሥር የባሕር ሣር አለ። አረንጓዴ የሚባሉት የባሕር ኤሊዎች የሚመጡት እሱን ሊግጡ ነው። ዝም ብለው ከተንሳፈፉ ሣሩን በአፏ ስትነጭ፣ አሸዋው ብን ሲል ያያሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሽቅብ ትመጣለች፣ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ አየር ትስባለች፣ ተመልሳ ትወርዳለች። እሷም እንደ እኛ በሳንባ ነው የምትተነፍሰው። ሰው ከላይ ከከበባት አየር ለመሳብ ትቸገራለች። ስለዚህ ጥቂት ሜትር ይራቁላት፤ አይከተሏት። ማሳደድ ለእርስዎም አይበጅም፤ በስኖርክል ትንፋሽ የሚያጥረው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲቸኩል ነው።

ለልጅ ልጅዎ ይንገሩት፤ መንካት አይቻልም። ደሴቲቱ የአሜሪካ ግዛት ናት፣ አብዛኛው ክፍሏም ብሔራዊ ፓርክ ነው። የባሕር ኤሊን መንካትና ማዋከብ በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል። የጤናውም ጥያቄ አለ። ኤሊዎች ሳልሞኔላና ሌሎች ባክቴሪያዎች ይይዛሉ፤ አጠገባቸው በመዋኘት ግን በሽታ ይዞት የሚመለስ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መንጋጋቸውም ጠንካራ ነው። ዓይናቸው ወይም አንገታቸው አካባቢ የአበባ ጎመን የሚመስል ዕጢ ያለባቸው ኤሊዎች ካያችሁ አትደንግጡ። ከሄርፒስ ቫይረስ ጋር የተያያዘ የኤሊዎች በሽታ ነው፤ ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም።

ለልጁ የምሰጋለት ለሌላ ነገር ነው። ኤሊዋ ስትወርድ ተከትሏት መጥለቅ ያምረዋል። ሁለት ሜትር እንኳ ሲወርድ ጆሮው ይጫነዋል፤ ጉንፋን ካለበት የጆሮው ታምቡር ሊቀደድ ይችላል። አፍንጫውን ይዞ ቀስ ብሎ እንዲነፋ ያስተምሩት፤ ካመመው ይውጣ። ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስም ክልክል ነው። ልጆች ረጅም ጊዜ ለመቆየት ያደርጉታል። ይህ አየር አይጨምርም፤ «ተንፍስ» የሚለውን የሰውነት ማስጠንቀቂያ ነው የሚያጠፋው። ልጁ ሳያውቀው ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ሁልጊዜ ከአዋቂ ጋር ይሁን፤ ብዙዎቹ ባሕር ዳርቻዎች ዋናተኛ የሚጠብቅ ሠራተኛ የላቸውም።

ስለ ቆዳ። «እኛን ፀሐይ አይነካንም» የሚለውን ይተዉት። እየተንሳፈፉ ኤሊ ሲያዩ ጀርባዎና የእግርዎ ኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፀሐይ ተሰጥቷል። ውኃው ስለሚያቀዘቅዝ አይታወቅዎትም። በዚያ ላይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ከሁሉም የሚሻለው እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስና ረጅም ታይት ነው። ለቀረው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። ከመግዛትዎ በፊት ግን ጀርባውን ያንብቡ፤ ሴንት ጆን ያለችበት ግዛት፣ ቨርጂን አይላንድስ፣ ከ2020 ጀምሮ ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክሪሊን የሚባሉ ኬሚካሎች ያለባቸውን ቅባቶች ከልክላለች፤ ኮራሉን (ድንጋይ የሚመስሉትን የባሕር እንስሳት) ይጎዳሉ ተብሎ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይፈቀዳል። ጥቁር ቆዳ ላይ አመድ የተነሰነሰ ያስመስላል፤ ቀለም የተጨመረበት አለ፣ እሱን ይፈልጉ። ፎቶው የሚወጣው ለዘመድ አዝማድ ነውና።

ግንቦት የጄሊፊሽ ጫጩቶች የሚበዙበት ወቅት ነው። በዓይን አይታዩም። የዋና ልብስ ሥር ገብተው ሲጨነቁ ይናደፋሉ፣ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታም ያወጣሉ። ሽፍታው የሚወጣው ልብሱ በሸፈነው ቦታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልብሱን እንደለበሰ ሻወር ውስጥ ይገባል፤ ጨው የሌለው ውኃ ልብሱ ውስጥ የቀሩትን ጫጩቶች መርዝ ያስለቅቃቸዋል። መጀመሪያ ያውልቁት፣ ከዚያ ይታጠቡ። ልብሱንም በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበው ሳያደርቁ ደግመው አይልበሱት። ለማሳከኩ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ይበቃል።

ዳር ላይ ለሚቀሩት ደግሞ፣ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያለው ዛፍ አለ፤ ማንቺኒል ይባላል። ፍሬው አይቀመስም፤ ነጩ ወተቱ ቆዳን ያቃጥላል። ዝናብ ሲመጣ እሱ ሥር አይጠለሉ፤ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃም ያቃጥላል።

ባለቤትዎ «እግሬን ብቻ» ማለታቸው ጥሩ ነው፤ ግን የስኳር ታማሚ ዋናው ጉዳዩ እግሩ ነው። የእግራቸው ስሜት ከቀነሰ የጋለው አሸዋ ሲያቃጥላቸው፣ የባሕር ጃርት እሾህ ሲወጋቸው ላይሰማቸው ይችላል። የውኃ ጫማ አድርገው ይግቡ። ማታ ማታ እርስዎ የእግራቸውን መዳፍና የእግር ጣቶቻቸውን መካከል ይመልከቱላቸው። ቁስል ካለ ጨርሶ አይግቡ። ሞቃት የባሕር ውኃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በስኳርና በጉበት ሕመምተኞች ላይ በቁስል ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ሊያበላሽ ይችላል። እግራቸው ከቀላ፣ ካበጠና ትኩሳት ከመጣ ነገ አይባልም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ኢንሱሊኑ ያለበት ቦርሳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። «ለዕረፍት ልሄድ ነው» ካሏቸው «መልካም ጉዞ» ብለው ይሸኙዎታል። «በቱቦ እየተነፈስኩ ባሕር ላይ ልዋኝ ነው» ይበሏቸው። ያኔ ልብዎን በደንብ ያዳምጣሉ፣ ምናልባት ኢሲጂ (የልብ ምት የኤሌክትሪክ ምርመራ) ያዝዛሉ፣ የቴታነስ ክትባትዎ 10 ዓመት አልፎት እንደሆነም ያዩልዎታል። ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ፣ ማታ ትራስ ደራርበው የሚተኙ፣ ወይም እግርዎ የሚያብጥ ከሆነ ሳይጠይቁዎት ይንገሯቸው። እግር ማበጡ ከአምሎዲፒኑ ሊሆን ይችላል፤ ከልብም ሊሆን ይችላል። የሚለዩት ደግሞ መርምረው ነው።