እናቷ የሞተችባትን ግልገል ለምታሳድጉ ልጆች

ልጆቼ፣

የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ብዙውን ዘመኔን የሠራሁት ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ፣ መንዝና አካባቢው ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰው እየደወለ ይጠይቀኛል። ከጥያቄው ሁሉ ልቤን የሚይዘው ግን አንድ ነው፦ «በጓ ወልዳ ሞተችብን፤ ልጄ ግልገሏን አቅፎ አልለቅም አለ፤ ምን ይሻላል?» ስልኩን ለልጁ ስጡልኝ እላለሁ። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው ለእነዚያ ልጆች ነው፤ ነገ ሰውን ወይም እንስሳን ለማከም የምታስቡ ወጣቶችም አንብቡት።

ስትንቀጠቀጥ ያገኛትን ግልገል ሰው ቶሎ ብሎ አፏን ይከፍትና ወተት ያንቆረቁርባታል። ከርኅራኄ ነው፤ ግን ይገድላታል። የበረዳት ግልገል መዋጥ ያቅታታል፤ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይገባና ትንፋሽ አጥሯት ትሞታለች። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ቀጥሎ ማሞቅ፣ ራሷን ቀና ማድረግ ስትችል ብቻ ማጥባት።

ይህን ከኔ በፊት የሚያውቁ አሉ። አንዲት የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ በኅዳር ውርጭ ከመሐል ሜዳ ወጣ ካለ መንደር ግልገል በባና ጠቅልላ መጣች። ቴርሞሜትሬን ሳወጣ፣ «ጋሼ፣ አፏ አሁን ሞቋል» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት ሌባ ጣቷን ግልገሏ አፍ ውስጥ ከታ አሳየችኝ። «ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። እማማ አፏ ሳይሞቅ ጠብታ እንዳታቀምሻት አለችኝ።» ስለካት 38 ዲግሪ ደርሳለች። ጤነኛ ግልገል ከ39 እስከ 40 ትሆናለች፤ ከ37 ከወረደች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ሴት አያቷ ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው የሚሠራ መለኪያ ለልጅቷ አስተምረዋታል። እናንተም ጣታችሁን ታጥባችሁ ይህንኑ አድርጉ። አፏ በርዶ ካገኛችሁትና ከተወለደች ከአምስት ሰዓት በላይ ከሆናት ግን እሳት ዳር ከማድረጋችሁ በፊት ሐኪም ጥሩ። በሰውነቷ የነበረው ስንቅ አልቋልና ግሉኮስ ሳታገኝ ብትሞቅ ተንፈራግጣ ልትሞት ትችላለች።

አሁን ወደ እንገር፣ እናት እንደወለደች ወደምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት ልምጣ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ የበሽታ መከላከያ ይወስዳል። ግልገል ግን እንዲህ ያለ ዕድል የላትም፤ መከላከያዋን የምታገኘው በእንገር ብቻ ነው። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። አንጀቷ ያንን መከላከያ በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው፤ 24 ሰዓት ካለፈ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ እናቲቱ እንደሞተች ለልቅሶ አትቀመጡ። በዚያ ሰሞን የወለደች በግ፣ ፍየል ወይም ላም ያለችው ጎረቤት ዘንድ ሮጣችሁ እንገር ለምኑ። ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ግልገል በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በመጀመሪያው ቀን በጠቅላላው እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይበቃታል። እንገር የሚነፍግ ጎረቤት አላጋጠመኝም፤ ሳይጠየቅ የቀረ ግን ብዙ ነው።

ከተቻለ እናት ፈልጉላት። ልጇ የሞተባት በግ ካለች የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፍፎ ለእናት አልባዋ ማልበስ የቆየ የእረኛ ዘዴ ነው። በግ ልጇን የምትለየው በጠረኑ ነውና እያሸተተች ትቀበላታለች። ግልገሉ የሞተው በበሽታ ከሆነ ግን አትሞክሩት።

እናት ካልተገኘ ጡጦ ነው። የላም ወተት ይሆናል፤ ውኃ ግን አትጨምሩበት። የበግ ወተት ስቡ የላሙን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ባቀጠናችሁት ቁጥር ታስርቧታላችሁ። ለብ አድርጉት። እንደ ሕፃን በጀርባዋ አስተኝታችሁ አታጥቧት፤ ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጥባ። እንዲያ ስትጠባ ወተቱ ሣር የምታመሰኳበትን ከርሷን ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ጨጓራ ይሄዳል። ከርስ ውስጥ የቀረ ወተት ይበላሽና ይነፋታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየአራት ሰዓቱ ነው፤ ሌሊትም ጭምር።

ወጣቶች፣ ይህን ሌሊት ልብ በሉት። ለልምምድ የተላኩልኝን ተማሪዎች የምመዝንበት አንድ ነገር ነበረኝ፦ እኩለ ሌሊት አጥብቶ ሲጨርስ ጡጦውን በፈላ ውኃ የሚያጥበው ማን ነው? ለግልገሏ ሁሉም ያዝናል። ብዙዎቹ ጡጦውን ለጠዋት ይተዉታል፤ ጠዋት ደግሞ ግልገሏን ተቅማጥ ይይዛታል። እጁ በውርጭ እየደነዘዘ ያን ጡጦ አጥቦ የሚተኛውን ልጅ የቤተሰቤን ሕይወት አምኜ እሰጠዋለሁ። በትምህርት ቤት ውጤቱ ደከም ያለ ቢሆን እንኳ ከልቤ እንዲህ አስባለሁ።

እትብቷን እንደተወለደች አዮዲን አስነክሩ። የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የማስወረድ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል። እናንተ የምትጠጡትን ወተትም አፍሉ። ከንፈሯ ላይ ቁስል ያወጣች ግልገል ቁስሏ ወደ እናንተ ሊተላለፍ ስለሚችል በባዶ እጅ አትንኳት፤ አትሳሟትም።

ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆናት ሣር መቀንጠስ ትጀምራለች፤ ያኔ ከመንጋው ጋር አውሏት። ከእናንተ አለመለየቷ ደስ ይላል፤ ግን በግነቷን ከበጎች መማር አለባት። ተባዕት ከሆነ ደግሞ ሰውን ሳይፈራ ያደገ አውራ በግ ቀንዱ ሲጠነክር ሕፃንና ሽማግሌ ይወጋል። በጨዋታ ግንባሩን እየገፋችሁ አታስለምዱት።

ወላጆች ይህን ከልጆቹ ጋር ሆናችሁ አንብቡልኝ። ጠቦቱ ለፋሲካ የሚሸጥ ከሆነ ልጁ ገና ጡጦ ሲይዝ ንገሩት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባዶ ጋጣ ያገኘ፣ «ጠፍቶ ነው» የተባለ ልጅ አይቻለሁ። ያ ልጅ በጉን ብቻ አላጣም፤ የአባቱንም ቃል አጣ። እውነቱን የሰማ ልጅ ያለቅሳል፤ ቢሆንም ማጥባቱን አይተውም። ሴት ከሆነች ግን ለልጁ ስጡት፤ ወልዳ ስትራባ የደብተርና የጫማ ወጪውን ትችላለች።

አንዳንዷ ሁሉም ተደርጎላት ትሞታለች። ያን ቀን ልጁን «ምን አጠፋህ?» አትበሉት። በጥልቅ ቅበሩ፤ ለውሻ አትጣሉ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ሳትጠየቁ እነዚህን ንገሩት፦ በስንት ሰዓት ተወለደች፣ እንገር መቼና ምን ያህል ጠጣች፣ መጨረሻ የጠባችው መቼ ነው፣ ሽንትና ዐይነ ምድሯ እንዴት ነው፣ እናቷ በምን ሞተች። መጻፍ የምትችሉ በደብተር ያዙት፤ ሐኪሙ ጊዜ ሳያባክን ሕክምናውን ይጀምራል።