«ፈረሱን አጥንቼ ብወራረድ ቁማር ይባላል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ሲሆን ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ካዚኖ አልገባም፣ ሎተሪም አልቆርጥም፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ በፈረስ ውድድር ላይ እወራረዳለሁ። የፈረሶቹን ያለፈ ውጤት፣ የጋላቢውንና የአሠልጣኙን ታሪክ አጥንቼ ኤግዛክታና ትራይፌክታ፣ አልፎ አልፎም ፒክ 6 እቆርጣለሁ። ካገኘሁት ላይ አሥራት አወጣለሁ። በ2016 ዓ.ም. የኬንታኪ ደርቢ የተባለው ታላቁ የአሜሪካ የፈረስ ውድድር የዋለው በቀዳም ሥዑር ነበርና፣ ትራይፌክታው ከያዘልኝ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ላስገባ ተስዬ ነበር፤ አልያዘልኝም። ይህ በዕውቀት የሚሠራ ነገር ሆኖ ሳለ ቁማር ይባላል? ዕጣ ኃጢአት ከሆነስ እቁባችን ምን ሊባል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ሳትሸፋፍን ስለ ጻፍህልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለማያውቁት አንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ኤግዛክታ በአንድ ውድድር አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡትን ፈረሶች ከነቅደም ተከተላቸው መገመት ነው፤ ትራይፌክታ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ፒክ 6 ደግሞ የስድስት ውድድሮችን አሸናፊዎች በአንድ ትኬት መገመት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስወግድ። አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ «ፈረስ ከንቱ ነው፥ አያድንም» የሚለውን የመዝሙር ቃል ይጠቅሳሉ። መዝሙሩ የሚናገረው በጦር ፈረስ ስለሚታመን ንጉሥ እንጂ ስለ ግልቢያ አይደለም፤ በአገራችንም በበዓላት ጉግስ ይጋለባል፣ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ፈረሳቸውን ሸልመው ይወጣሉ፤ ይህን ማንም ኃጢአት ብሎት አያውቅም። ጥያቄው ስለ ፈረሱ ሳይሆን ስለ ትኬቱ ነው።

«በዕውቀት ነው» ያልኸውን እንመርምር። አሥር ፈረሶች በሚሮጡበት ውድድር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሊደረደሩ የሚችሉባቸው መንገዶች 720 ናቸው። ይህን ስለምታውቅ አንድ ግምት ብቻ አትቆርጥም፤ አምስት ፈረሶችን መርጠህ «ቦክስ» ታደርጋለህ፣ ማለትም ከአምስቱ ሦስቱ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢገቡ እንዲይዝልህ ሁሉንም ድርድር ትቆርጣለህ፤ ያም 60 ግምት ስለሆነ በሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ 30 ዶላር ትከፍላለህ። እንግዲህ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ስድሳ የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራልን? ከስድሳው ቢያንስ ሃምሳ ዘጠኙ ሐሰት እንደሚሆኑ ገና ሳይሮጡ ታውቃለህ። ጥናትህ ውሸት ነው አልልህም፤ ደካማውን ፈረስ ከብርቱው ለመለየት ይረዳህ ይሆናል። ነገር ግን የትኬቱ አሠራር ራሱ ውጤቱን እንደማታውቅ የሚመሰክር ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 ብሪደርስ ካፕ በተባለው ትልቅ የአሜሪካ የፈረስ ውድድር በፒክ 6 ውርርድ ላይ፣ የውርርዱን ኮምፒውተር በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው የመጀመሪያዎቹ አራት ውድድሮች ካለቁ በኋላ የባልንጀራውን ትኬት በስውር ለውጦ ነበር፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጠው ክፍያ ሳይወጣ ተደርሶበት ከግብረ አበሮቹ ጋር ታሰረ። እኔን የሚገርመኝ ማጭበርበሩ ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው እንኳ ገና ላልተሮጡት ለሁለቱ ውድድሮች በትኬቱ ላይ የሞላው ፈረሶቹን ሁሉ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነው። በፈረስ ውድድር የተወራራጆች ሁሉ ገንዘብ በአንድ ቋት ይጠራቀማል፤ አዘጋጁ ድርሻውን ቀድሞ ያነሣል፣ እንደ አንተ ባሉት ውስብስብ ውርርዶች ላይ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሃያና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ የቀረው ትክክል ለገመቱት ይከፈላል። እንግዲህ ትራይፌክታ ሲይዝልህ የምትቀበለው ገንዘብ ሌሎች ያጡት ነው፤ ከእነዚያም መካከል የቤት ኪራይ ይዞ የመጣ፣ ከሚስቱ የደበቀ፣ የትናንቱን ለማካካስ የሚታገል ይኖርበታል። ነጋዴ ሲያተርፍ ገዥው ዕቃ ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ያንተ ደስታ ያለ ሌላው ኀዘን ሊገኝ አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ቁማርን የምትከለክልበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የሐዋርያት ቀኖናም በዳይስ (በሚጣል የዕጣ ጠጠር) ጨዋታ ራሱን የሰጠ ካህን ይህን ካልተወ ከሹመቱ እንዲሻር፣ ምእመንም እንዲለይ አዝዟል።

ስለ እቁብ የጠየቅኸው ጥሩ ጥያቄ ነው። ዕጣ በራሱ ርኩስ አይደለም፤ ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቈጠረው በዕጣ ነው። በእቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ እንጂ ማን እንደሚያጣ አይደለም፤ ሁሉም የከፈለውን ያህል በተራው ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው።

ስለ ስእለትህ ሳነብ፣ እውነት ለመናገር፣ ፈገግ ብያለሁ፤ ፈረሰኛ ስለሆነ ሰማዕቱን ለፈረስ ጉዳይ መምረጥህ የዋህነት ነው። ይሁን እንጂ ስእለት ልመና ነው፤ አንተም የለመንኸው የሌሎች ገንዘብ ወደ ኪስህ እንዲገባ ነበር። ልመናህ ባይፈጸም ሰማዕቱ ረሳኝ አትበል፤ ጃንጥላውም ዕዳ አይሆንብህም፣ የተሳልህበት ነገር አልሆነምና። አሥራቱንም በተመለከተ፣ በኦሪት ዘዳግም ሃያ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የጋለሞታ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በክፉ መንገድ የተገኘ ገንዘብ ስለሆነ ነው። ከደመወዝህ የምታወጣው ጥቂት አሥራት ይበቃል፤ ከውርርዱ የሚወጣው አሥራት ግን ዘጠኙን እጅ ንጹሕ አስመስሎ ስለሚያሳይህ ይበልጥ ይጎዳሃል።

በጣም ያሳዘነኝ ዕለቱ ነው። በ399 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቁስጥንጥንያ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ትቶ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በመሄዱ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በብርቱ ገሥጾ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያስለቀሰው ዓርብ፣ ጌታ በተሰቀለበት ቀን፣ እንዲህ መደረጉ ነው። አንተም በቀዳም ሥዑር፣ ቄጠማው በታሰረበትና ቤተሰብህ ለሌሊቱ ቅዳሴ በሚዘጋጅበት ሰዓት፣ በስልክህ ላይ የፈረስ ቁጥር ትቈጥር ነበር።

አሁን ሁለት ነገር አድርግ። በስልክህ ያለውን የመወራረጃ ሒሳብ ዛሬውኑ ዝጋ፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሰው በገዛ ፈቃዱ ስሙን አስመዝግቦ ራሱን ከቁማር የሚያግድበት ሥርዓት ስላለ፣ በግዛትህ ያለውን ጠይቀህ ተመዝገብ። ከዚያም የሦስቱን ዓመት ሒሳብ፣ ያገኘኸውንም ያጣኸውንም ሳትቀንስ፣ በአንድ ወረቀት ጽፈህ መጀመሪያ ለባለቤትህ፣ ቀጥሎም ለንስሐ አባትህ አሳይ። ስለ ባለቤትህ በደብዳቤህ ውስጥ «ባለትዳር ነኝ» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልጻፍህምና፣ ስለ ነገሩ የምታውቅ አልመሰለኝም።