ፈሪ ያምፃል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሙሴ ከነዓንን እንዲሰልሉ የላካቸውን የ12ቱን ሰዎች ታሪክ ስተርክ «ሕዝቡ ፈሩና ዐመፁ» አልሁ፤ አንድ ልጅ «ሕዝቡ እኮ ፈሩ እንጂ አላመፁም፤ ፈሪ ደግሞ እንዴት ያምፃል?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። «ዐመፁ» የሚለው ቃል ቦታው ነው?

መልስ፦ ቦታው ነው፤ ልጁም ጎበዝ ነው። ዛሬ «አመፅ» ስንል ደፍሮ አደባባይ የወጣ ሰው ይታየናል። የግእዙ ዐመፀ ግን በደለ፣ ግፍ ሠራ ማለት ነው። «ዐመፃ» በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ብዙ ጊዜ በደልን የሚያመለክተው ከዚያ ወርሶ ነው።

ዕብራይስጡ ደግሞ ለጥያቄው ቅርብ ነው። በዘኍልቍ 14፥9 ከሰላዮቹ ሁለቱ፣ ኢያሱና ካሌብ፣ «አታምፁ»ንና «አትፍሩ»ን በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ግስ «ማራድ» ነው፤ የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለአሦር ንጉሥ አልገዛም ያለበትም ይኸው ቃል ነው። ሕዝቡም ሌሊቱን አልቅሰው ዝም አላሉም። አለቃ ሾመን ወደ ግብፅ እንመለስ ተባባሉ፤ ሁለቱንም በድንጋይ ሊወግሯቸው ቃጡ። ፍርሃታቸው አለቃ እስከ መሻር ደርሷል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ዘዳግም 1 ነው። ቁጥር 26 ላይ ወደ ከነዓን ውጡ ሲባሉ አንወጣም አሉ፤ «ዐመፃችሁ» ተባሉ። ቁጥር 43 ላይ አትውጡ ሲባሉ በድፍረት ወደ ተራራው ወጡ፤ አሁንም «ዐመፃችሁ»። በዕብራይስጡ በሁለቱም ቦታ ያለው ግስ «ማራህ» ነው፤ ቃል በቃል ሲወሰድ በእግዚአብሔር አፍ ላይ ማመፅ ነው፤ የእኛ ትርጉም አፍን «ትእዛዝ» ብሎታል። ፈርቶ የቀረውም ደፍሮ የወጣውም አንድ ስም አገኘ፤ ሁለቱም ቃሉን አልሰሙምና። አማርኛም «ይህ ልጅ አይሰማም» ሲል የጆሮ ነገር አይደለም የሚያወራው።

ለልጆቹ ሲያስረዱ «ልቡ ሸፈተ» የሚለውን አነጋገራችንን ያንሡላቸው። እግሩ ከቤት ሳይወጣ ልቡ የሸፈተ ሰው አለ፤ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። ዓረፍተ ነገሩንም «ፈሩና ዐመፁ» ከማለት «ፈርተው ዐመፁ» ቢሉት እመርጣለሁ። «ፈሩና» ሁለቱን ድርጊት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ «ፈርተው» ግን ዐመፃው ከየት እንደ መጣ ያሳያል።